ህልም ደህና ነው

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መጋረጃውን ዘግቻለሁ፣ ስልኩን ትራስ ሥር ከትቻለሁ፣ ሐዋሳ ግን በቀን ሰው አታስተኛም፤ ከጉዱማሌ አደባባይ በኩል ድምፅ ማጉያ ይሞክራሉ፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት፣ ሦስት ብለው አያውቁም፤ በረንዳው ላይ ጦጣ ይረማመዳል፣ ታች መንገዱ ላይ ባጃጅ ያለ ምክንያት ጥሩምባ ይነፋል። እኔ ደግሞ በቀን ካልሆነ መተኛት የረሳሁ ሰው ነኝ። ኖርዌይ አገር፣ በርገን ውስጥ ሌሊቱን ዓሣ ሳሽግ አድሬ፣ ጠዋት ሰው ወደ ሥራው ሲወጣ እኔ ዝናቡን ተከናንቤ ወደ ክፍሌ እገባለሁ፣ ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ፣ እተኛለሁ፤ እዚያ ቀኑም ጨለማ ስለሆነ እንቅልፍ አይቸግርም። እዚህ ፀሐዩ በመጋረጃው ቀዳዳ ገብቶ ግንባሬ ላይ ቁጭ ብሏል። እህቴ ፍሬሕይወት ፔንሲዮን መያዜን ስትሰማ ደንግጣ ነበር፤ «እህት እያለችህ ፔንሲዮን? ሰው ምን ይላል ፍፁም?» አለችኝ። ቀን ተኝቼ ሌሊት ቤታችሁ ውስጥ ስንጎራደድ ሰው ከሚያየኝ ይሻላል አልኳት። ያመነችኝ ግን አይመስለኝም።

ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። እንከኑ አንድ ቁልፍ ነው፤ ኡ። አማርኛ የምጽፈው በላቲኑ ቁልፍ ስለሆነ ም ከመታሁ በኋላ ኡን ስነካት ሙ መሆን አለበት፤ አሁን ም እንዲያው ም ሆኖ ይቀራል። እነካታለሁ፣ ዝም። ጫን አደርጋታለሁ፣ ዝም። ጎረቤቶቿ ሁሉ ደህና ናቸው። ይባስ ብሎ ላፕቶፑ የኖርዌይ ነውና በቀኝ በኩል ሦስት ልዩ ፊደሎች አሉት፣ አንዷ ቀለበት የደፋች፣ አንዷ ወገቧ የተሰነጠቀ፣ አንዷ ሁለት ፊደል ተጣብቆ የወጣባት፤ ሦስቱንም ለአማርኛ አንድ ቀን ነክቻቸው አላውቅም፣ ሦስቱም እንደ አዲስ ይሠራሉ። የምፈልጋት ሞታ የማልፈልጋቸው ይዘፍናሉ። በስልክ ጻፍ ይለኛል ሰው፤ የሌሊቱ ብርድ አውራ ጣቴን አደንዝዞታል፣ በስልክ አንድ ቃል ስጽፍ ሦስት እሳሳታለሁ። ለአባቴ ደግሞ መጻፍ እንጂ መደወል አይቻልም፤ ጆሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ማዳመጫ ተገዝቶላቸው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የማይረባ ወሬ ብቻ ነው የሚያሰማኝ ይላሉ። እናም ታብሌት ገዝቼ ላክሁላቸው፣ ፊደሉን በጣም አተልቀንላቸው በቴሌግራም እንጻጻፋለን። ስልክ መደወል ሲቀር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለለኝ። ድምፅ ውስጥ ሰው ይደበቃል ማለት ከንቱ ነው፤ ጽሑፍ ውስጥ ነው ሰው የሚደበቀው።

ትናንት ከከተማው ዳር ወዳለችው ቱላ፣ አባቴ ቤት ሄድኩ። ከአውሮፕላን ወርጄ፣ ፔንሲዮኑ ውስጥ ገላዬን ታጥቤ፣ በቀጥታ። አባቴ አቮካዶው ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ ካኪ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል፣ ከሱሪያቸው በታች የሽንት ቱቦው ይታያል፣ እሱን በነጠላ ሸፈን ያደርጉታል። ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል በሁለት እጃቸው ክንዴን ይዘው አነሡኝ። «ይግቡ» አሉኝ። «ደህና ገቡ? መንገዱ እንዴት ነበር?» ወደ ኋላዬ ዞርኩ፤ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ። ማንም የለም። «ይቀመጡ፣ ወንበር አለ። ከሩቅ ነው የመጡት፣ ደክሞዎት ይሆናል» አሉ። አባቴ እኔን እርስዎ አሉኝ። በእኛ ቤት አባት እርስዎ ነው የሚባለው፤ የሰፈሩ ልጆች አባታቸውን አንተ እያሉ ሲቀልዱ እኛ ይብሉ፣ ይምጡ፣ ይቀመጡ ስንል ነው ያደግነው፤ እናቴም ነፍሷን ይማርና እስከ መጨረሻዋ አንተ ብላቸው አታውቅም። እኔ ግን ልጃቸው ነኝ፣ ለእኔ አንተ ነው፣ ሲቆጡ ደግሞ አንተ ልጅ ነው። እርስዎ ሲሉኝ እንዴት እንደምቀመጥ ጠፋኝ። ወሬያቸው ሁሉ ለቀበሌ እንግዳ የሚወራ ዓይነት ነበር፤ ስለ ዝናብ ጠየቁኝ፣ ስለ ዓሣው ሥራ ጠየቁኝ፣ ኑሮ ተስማማዎት ወይ አሉኝ። ስለ ሕመማቸው በእጄ ምልክት ስጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

አእምሯቸው ነው ብዬ ወጣሁ። ሽማግሌ ሰው ልጁን ይረሳል፣ አንብቤያለሁ፣ ሰምቻለሁ። ባጃጁ ውስጥ አልቅሼ ነበር፣ ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ ሙዚቃውን ቀነሰልኝ። ባህል አዳራሽ አጠገብ ፍሬሕይወት ሱቋ ውስጥ ነበረች፤ ነገርኳት። አልሳቀችም፣ አላዘነችም። «ሸምግለዋል እንዳትለኝ። ከእኔም ከአንተም ይሻላሉ። የጻፍክላቸውን አንብበው» አለችኝና ታብሌቱን ከመደርደሪያው ሥር አወጣችው። አባቴ አኩርፈው ታብሌቱን ወደ እሷ ከላኩት ሰንብቷል። እሷን ሁልጊዜ በድምፅ ነው የማወራት፣ ስለዚህ ታብሌቱ እስኪደርሳት ጽሑፌን አይታው አታውቅም ነበር። «እኔማ መጀመሪያ ሳየው ሰክረህ ነው አልኩ» አለች።

አባባ ይታከም። እንዲህ ይላል፣ በትልቁ፣ በእኔ ስም ሥር። ከዚያ በላይ አባባ ሐኪም ቤት ይሂድ። ከዚያ በላይ አባባ መድኃኒት ይውሰድ። አባባ ይረፍ። እኔ የጻፍኩት አባባ ይታከሙ፣ አባባ ይሂዱ፣ አባባ ይውሰዱ፣ አባባ ይረፉ ነው፤ ልማዴ ሆኖ ከስም በኋላ ነጠላ ሰረዝ አላደርግም፤ ጽሑፉ ላይ አባቴን የምጠራ ሳይሆን ስለ አባቴ ከሰው ጋር የምማከር ሆኛለሁ፣ እሱንም ያለ አክብሮት፣ ስለ በሬ እንደሚወራ። ይረፍ ደግሞ ለሬሳ ነው የሚባለው። ወደ ላይ ስገፋው ሌላም አለ። ሥራ በዝቶብኝ ሳልጽፍ ሰንብቼ፣ ጠፋሁ ይቅርታ ያልኩት ጠፋህ ይቅርታ ሆኗል፤ አባቴን እንደ ጓደኛ አንተ ብዬ ወቅሻቸዋለሁ። ሁሉም ደህና ነው ብዬ የጻፍኩት ደግሞ ህልም ደህና ነው ይላል። ይህቺን አስታወስኳት። ያን ጠዋት አባቴ፣ ምን ህልም አየህ? ብለው መለሱልኝ፣ እኔም የዕድሜ ነገር ብዬ ተከዝኩና ህልም አላየሁም ብዬ ጽፌላቸው ተኛሁ። ታብሌቱ ላይ ያለው ህልም አላየህም ነው። እሳቸው ከሥሩ፣ እኔን ነው? ብለው ጠይቀዋል። መልስ የለም፤ እኔ ተኝቻለሁ። ከዚያ በኋላ ከእሳቸው የመጣ ጽሑፍ የለም፤ እኔም ሕመሙ ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

«ሐኪሙ ምን አለ መሰለህ» አለች ፍሬሕይወት። «ፕሮስቴታቸው ሽንቱን ዘግቶታል፤ በቱቦ መኖር አይቻልም፣ ኦፕራሲዮን ካልሆኑ ኩላሊታቸውን ይነካዋል ብሏል። አልጋ ተይዞላቸዋል፣ ለሰኞ። አልፈርምም አሉ። አባባ ኧረ ይታከሙ ብዬ ወረቀት ላይ ብጽፍላቸው ምን ብለው መለሱልኝ መሰለህ? ይታከም የተባለውን ሰውዬ ፈልጋችሁ አሳክሙት፣ እኔን ያናገረኝ ሰው የለም አሉ።» ሳቅ መጣባት፣ ወዲያው ዓይኗ ሞላ። እኔ አልሳቅሁም አላለቀስሁም፣ ታብሌቱን ይዤ እነዚያን ቃላት ደጋግሜ አያለሁ። አንድ ሰው አንዲት ቁልፍ ሞታ አባቱን ከሐኪም ቤት አስቀረ ቢሉኝ የሰካራም ወሬ ነው እል ነበር።

እንዴት አላየሁትም? ይህን እያልኩ ነው አልጋው ላይ የምገላበጠው። ስጽፍ የማየው ቁልፎቹን ነው፣ ስክሪኑን አይደለም፤ ከሌሊት ፈረቃ መልስ ዓይኔ ግማሽ ተከድኖ። ቁልፏ መጀመሪያ ስትፈልግ ትሠራ ነበር፣ ከዚያ ጭራሽ ተወችው፤ መቼ እንደሞተች አላውቅም። ሌላም ነገር አለ። እዚያ አገር እርስዎ የለም፤ ነበራቸው ይባላል፣ ጥለውታል፤ አለቃዬን በስሙ ነው የምጠራው፣ ሐኪሜን በስሟ፣ ሰባ ዓመት የሞላቸውን ጎረቤቴን አንተ እላቸዋለሁ፣ ደስ ይላቸዋል። የመንግሥት ቢሮ ስትደውል ማሽኑ ራሱ አንተ ይልሃል፤ አንተ አምስተኛ ተራ ላይ ነህ፣ አንተ ጠብቅ። እንዲህ ያለ ቋንቋ ውስጥ ለኖረ ዓይን ይታከም የሚለው ምንም አይጎረብጠውም። አባቴ ግን ያችን አንዲት ትንሽ የፊደል ጭራ በልጆቻቸው አፍ ውስጥ ሲያሳድጉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው ከሄደ በኋላ በዓይናቸው ይፈልጓታል። ያጧት ከእኔ ዘንድ ነው፣ ያውም ሲታመሙ።

እንግዲህ ቁልፏን ላክማት። አጠፋሁት፣ አበራሁት፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንን ነው። ቻርጀሩን ነቅዬ ባትሪው እስኪያልቅ ጠበቅሁ፣ እንደገና አበራሁት። ገልብጬ ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት፣ የዳቦ ፍርፋሪ ረገፈ፣ የበርገን ዳቦ ነው፣ ጥቁሩ። የስክሪኑን ኪቦርድ አውጥቼ በማውስ ኡን ስነካት ሙ አለችልኝ፤ እንግዲያው ጥፋቱ ከፕሮግራሙ አይደለም፣ ከአካሏ ነው። የኪቦርዱን ድራይቨር አጥፍቼ እንደገና እንዲጫን አደረግሁ። በጥፍሬ ክዳኗን አነሣሁ፣ ጥጥ በሳኒታይዘር ነክሬ ጠረግሁላት፣ አደረቅሁ፣ መለስኩ፣ ነካሁ። ዝም። በማውስ እየለቀምኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ አባባ፣ ይቅርታ፣ ብዬ እስክጨርስ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። በሩ ተንኳኳ፣ ክፍል ልጥረግ የምትል ልጅ ነበረች፤ ተኝቻለሁ አልኳት፣ ጫማዬን አድርጌ ቆሜ። አልጋው ላይ ተዘረጋሁ። ድምፅ ማጉያው አሁንም አንድ ሁለት ይላል። ተነሣሁ፣ ላፕቶፑን ታቅፌ ወጣሁ።

ማቴዎስ የሚባል ጠጋኝ አለ፣ ከፍሬሕይወት ሱቅ ጎን፤ ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው በሙሉ የሞቱ ኪቦርዶች ተሰቅለውበታል። «ሻይ ፈሶበታል?» አለኝ ገና ሳልቀመጥ። አልፈሰሰበትም አልኩት። «ሁሉም አልፈሰሰም ነው የሚለው» አለና ከፈተው። አየ፣ አሸተተ፣ በመርፌ ነካካ። «ሻይ አይደለም፣ እርጥበት ነው። የት ነው የምትኖረው፣ ሐይቁ ውስጥ?» ከሐይቁ ብዙም አይለይም አልኩት። «ሥሯ ተበልቷል ወንድሜ፣ ለብቻዋ አትዳንም፣ ሙሉ ኪቦርዱ ነው የሚለወጠው፣ እንዲህ ያለ ደግሞ አዲስ አበባም ማግኘትህን እንጃ። ይቺ ቀለበት ያላት ምንድናት?» የእነሱ ፊደል ናት አልኩት። «ትሠራለች?» «እሷማ ምን ትሆናለች» አልኩ። ሳቀ። ከመሳቢያ ሌላ ኪቦርድ አውጥቶ፣ ፊደሉ ግማሽ የተፋቀ፣ በሽቦ ላፕቶፑ ላይ ሰካልኝ፤ «በዚህ ጻፍ፣ ሥራህን ስትጨርስ ትመልሳለህ» አለ። ኡን ነካሁ። ኡ። እንደገና ነካሁ፣ ኡ። ደጋግሜ ስነካት ማቴዎስ ያየኛል። «አስቸኳይ ነበር እንዴ?» አለኝ። አስቸኳይ ነበር።

ባጃጅ ይዤ ቱላ ወጣሁ። አባቴ እዚያው ወንበር ላይ ናቸው፣ ፍሬሕይወት ቀድማኝ መጥታ ምሳ ታቀርባለች። «ይግቡ» አሉኝ። ገባሁ። ላፕቶፑን የውጭው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፣ ኪቦርዱን ሰካሁ፣ ፊደሉን እስከሚችለው አተለቅሁት። ጻፍኩ፤ አባባ፣ ኡ የምትለዋ ቁልፍ ተበላሽታ ነው። ይታከሙ ብዬ ነው የጻፍኩት። ይሂዱ፣ ይውሰዱ፣ ይረፉ ብዬ ነው የጻፍኩት። ጠፋሁ ያልኩት እኔን ነው። ሁሉም ደህና ነው ያልኩት ህልም ሆኖ የደረሰዎት በዚሁ ነው። እርስዎን አንተ አላልኩም፤ ለወደፊቱም አልልም። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩ።

መነጽራቸውን አደረጉ። ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ፣ ወደ ላይ ተመልሰው እንደገና አነበቡ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ከዚያ ጣታቸውን ዘረጉ። የተሰካውን ኪቦርድ ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ «የትኛዋ ናት?» አሉ። አሳየኋቸው። ጫኗት። ምንም አልመጣም። ጥፍራቸውን ገልብጠው መታ አደረጓት፣ ደጋግመው፣ እምነት በሌለው ሰው አነካክ። ጎረቤቷን ነኳት፣ መጣች። እንደገና ወደ እሷ ተመለሱ፣ ዝም። ከዚያ የማቴዎስን ኪቦርድ ሳቡና እዚያ ላይ ፈልገው ነኳት፣ ኡ ወጣች፣ ስክሪኑ ላይ፣ ትልቅ። ሳል መሰለኝ የወጣቸው፣ ሳቅ ነበር። ፍሬሕይወት ሳህን እንደያዘች ቆማለች።

«ቁልፏን አየሁ» አሉ። ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት፣ የደነቆረ ሰው ድምፅ፤ ሰፈሩ ይሰማል። «ማሽን ይበላሻል። አሁን ደግሞ አፍህን ልየው።»

አፍህን አሉኝ። አፍዎን አላሉም። ፍሬሕይወት ሳህኑን መሬት አስቀመጠች። አይሰሙምኮ አባባ ልል ነበር፣ ትርጉም የለውም፣ አይሰሙም። እሳቸው ዓይኔን ሳይሆን ከንፈሬን ያያሉ፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ጠጋ ብለው። «እናትህ በሕይወት እያለች እንዲህ ነበር የምንነጋገረው» አሉ። «አክብሮት ያለበት ቃል ጫፉ ላይ ከንፈር ይሰበስባል። የሌለበት ይዘጋና ያበቃል። በል፣ ያልከውን በለው።»

ይታከሙ አልኩ። ድምፅ አላወጣሁም፣ ለምን አወጣለሁ። መጨረሻው ላይ ከንፈሬ ሲሾል ተሰማኝ፤ አፌ ከረሳው ቦታ የመጣ መሰለኝ፣ አፈርኩ፣ ደግሞ ደስ አለኝ። «ድገመው» አሉ። ይታከሙ አልኩ። «ድገመው።» ይታከሙ አባባ። ዓይናቸው ውሃ ሞልቷል፣ ግን ከአፌ አይነቃነቅም። «ድገመው» አሉ። አልታያቸውም ይሆን ብዬ ከወንበሬ ወርጄ ፊት ለፊታቸው ተንበረከክሁና፣ ቀስ አድርጌ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየለየሁ፣ ይታከሙ አልኩ።

«የገባኝስ ከመጀመሪያው ነው» አሉ፣ መዳፋቸውን አገጬ ላይ አድርገው። «ይሄን አፍ ካየሁት ስንት ዓመቴ፤ ትንሽ ልየው ብዬ ነው። ሰኞ አንተ ነህ የምትወስደኝ።»